ጨለማውን መልሱልኝ

ፊቷን አበሩት። ማን አብሩት አላቸው? ቨርና ሱክዴዮ ሶፋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ይህንኑ ትደጋግማለች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስትደጋግመው ሁለት ሌሊት አነጋች፣ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም፣ አሁን ደግሞ እኩለ ቀን ሆኖ የየካቲት ፀሐይ ከበረዶው ላይ እየነጠረች በመስኮቱ ትገባለች። ጋደም ያለችው ለአንድ ሰዓት እንኳ ሸለብ ቢያደርጋት ብላ ነበር፣ ማታ ሰው ፊት የምትቆም ሴት ዓይኗ ደፍርሶ እንዳይታይ። ማታ ያከብሯታል። አንድ ሰዓት ላይ መሃል ከተማ ባለው ሲኒማ ቤት፣ በዚህ አገር ሴት የምትወድ ሴትን ያለ እፍረት በፊልም ያሳየች የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር ተብላ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቷ፣ ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ሲላት፣ አበባ ሊሰጧት ነው። ዱሮ የፊልሙን ቆርቆሮ ታቅፋ በራቸውን ስታንኳኳ ቀና ብለው ያላዩዋት ቢሮዎች ናቸው ዛሬ ስሟን በትልቁ የጻፉት። ይጻፉ፣ እሷ የጠላችው ክብሩን አይደለም። ፊልሙን አጥበው፣ ጭረቱን ጠግነው፣ እንደ አዲስ አድርገንልሻል ብለው የላኩላትን ከትናንት ወዲያ ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ ስታይ፣ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ከሴቶቹ አንዷ፣ ኩማሪ፣ እየጨፈረች ዞር አለችና ፊቷ ታየ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ጨለማ ውስጥ የኖረ ፊት። ቅንድቧ፣ አፍንጫዋ ላይ ያለችው ፈርጥ፣ የላይኛው ከንፈሯ ላይ ችፍ ያለው ላብ ሳይቀር። ቨርና የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ፣ ስባሪው እስካሁን ከጠረጴዛው ሥር አልተጠረገም።

ሶፋው ያለበት ክፍል ያው ፊልሙ የተቀረጸበት ክፍል ነው። ከጋያና መጥታ ቶሮንቶ ከገባች አርባ አምስት ዓመት ሆናት፣ ሠላሳ ስድስቱን የኖረችው እዚሁ ስካርቦሮ፣ እዚሁ ሰባተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ በሳምንት ሁለቴ የሚቆምበት ሕንፃ ላይ ነው። ያኔ መሃል ከተማ ያለው የሴቶች ጭፈራ ቤት በር ላይ የምትቆመው ጠብደል ሴት ነጮቹን በፈገግታ ታሳልፍና የእነቨርናን ቆዳ ስታይ ሦስት ዓይነት መታወቂያ አምጡ ትላለች። የመኖሪያ ፈቃዱ ያለፈበት ሰው ሦስት መታወቂያ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ይመጣሉ። ድስታቸውን በጨርቅ ቋጥረው፣ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝና ባቄላ ይዘው፣ ጫማቸውን ኮሪደሩ ላይ ደርድረው ይገባሉ። ለጎረቤት የጸሎት ማኅበር ነን ብለዋል። ከታች ያለው ሽማግሌ አንድ ቀን መጥቶ፣ የእናንተ አምላክ ደንቆሮ ነው እንዴ እንዲህ የሚጮህበት ብሎ ጠየቃቸው፣ ኩማሪም ቀልጠፍ ብላ፣ አባባ፣ ሩቅ አገር ነው ያለው አለችው፣ ሽማግሌው ስቆ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ አልወጣባቸውም። ኩማሪ እንዲህ ነበረች። የስፌት ፋብሪካ ውስጥ ቀን ሙሉ እጀታ ስትቀጥል ውላ፣ ማታ መጥታ ያ ሁሉ ድካም የሌላ ሰው ይመስል ትጨፍራለች። ቨርና ያቺን ሴት ወደደቻት። እንደ ነፍሷ ወደደቻት፣ ለማንም ሳትነግር፣ ለራሷም በቅጡ ሳትነግር።

እና ይህ ነገር በፊልም መቅረት አለበት አለች። እኛ ካልቀረጽነው ነገ አልነበሩም ይሉናል አለች። አምስቱ ሴቶች ተያዩ። አንዷ ሁለት ልጆች አሏት፣ ባሏ ቢሰማ ልጆቹን ይነጥቃታል። አንዷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እሑድ እሑድ ሕፃናት ታስተምራለች። ሁለቱ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ነው የሚሠሩት፣ አለቃቸው ደግሞ ምላሷ ረጅም ነው። የኩማሪ ወረቀት ጊዜው አልፎበታል። እሺ አሉ፣ ፊታችን እንዳይታይ ግን አሉ። ቨርና በእናቷ ማለች። የካሜራዋ ሰው ኦዴት፣ ከኩቤክ የመጣች፣ ሲጋራ ከአፏ የማይለይ ሴት፣ መብራቱን ሁሉ ከመጋረጃው በስተጀርባ አደረገችው፣ ሴቶቹ ጥቁር ጥላ ሆኑ። እምነት ግን በአንድ ሰው ቃል አይገኝምና አንድ ሥርዓት አበጁ፦ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት አንዷ በካሜራው ቀዳዳ ጓደኛዋን ታያለች፣ አይታ «አላወቅኋትም» ስትል ብቻ ካሜራው ይነሳል። አላወቅኋትም፣ አላወቅኋትም፣ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ በዚህ ክፍል ውስጥ የተባለው እሱ ነው። በየሳምንቱ የሚበሉበትን ድስት አብረው የሚጠርጉ ሴቶች አላወቅኋትም እየተባባሉ ይስቁ ነበር፣ ሳቃቸው ፊልሙ ላይ አለ። ቨርና ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ከሙዚቃው ጋር የድስት ክዳን በማንኪያ ትመታለች። በፊልሙ ውስጥ ከእሷ ያለው እሱ ብቻ ነው፣ የማንኪያ ድምፅ።

ኦዴት ግን ታውቅ ነበር። አንድ ማታ ሲጋራዋን እያቀጣጠለች፣ ፊልም ከዓይን የበለጠ ያያል ቨርና፣ ኮፒው የሚታተምበት ኔጋቲቭ ላይ ፊቶቹ ትንሽ ትንሽ መኖራቸው አይቀርም፣ ኮፒው ሲታተም አጥቁረን አንቀን እንይዘዋለን አለቻት። እውነትም አንቀው ያዙት። የላቦራቶሪው ሰውዬ እንዲህ ካጠቆርኩት ምኑ ይታያል ብሎ ተሟገታቸው፣ ደደቦች መስለውት በምሬት ነበር ያተመው። ኔጋቲቩ ቆርቆሮ ውስጥ ገባ፣ ፊቶቹም አብረው ገቡ፣ እዚያው ተኙ። ኦዴት ከሞተች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ብትኖር ዛሬ ፊልሙን ያደሰችውን ሜቭን ጎትታ ከደረጃ ትወረውርልኝ ነበር ትላለች ቨርና፣ ትላለችና ደግሞ ቆም ትላለች፣ ምክንያቱም ኦዴት ብትኖር መጀመሪያ የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነው። መሐላውን ለምን በወረቀት አልጻፍሽውም ትላት ነበር። ለምንስ ያን ሁሉ ዘመን ዝም አልሽ?

ዝም ያለችው እያጨበጨቡላት ስለነበር ነዋ። እውነቱ ይኸው። ፊልሙ ወጥቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንድ ሰው ጋዜጣ ላይ ስለ ጨለማው ጻፈ፣ ቀጥሎ ሌላው ጻፈ፣ ከዚያ ፕሮፌሰር ሃሊዴይ መጣ፣ ያ ሁልጊዜ ስካርፍ የማይለየው፣ ስለ ቨርና ሱክዴዮ ጨለማ ሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ጻፈ። ጨለማው የስደተኛ ነፍስ ነው አለ። ጨለማው በብርሃን ላይ የተነሳ አመፅ ነው አለ። ቨርና መጽሐፉን በአንድ ሌሊት ጨረሰችው፣ ገና ገጽ ሃያ ላይ ሳለች ፍርሃት ነበር እኮ ወንድሜ ልትለው ስልክ አንስታ ነበር፣ ስልኩን መልሳ አስቀመጠችው። ፍርሃት ነው ብትል ማንን ነው የደበቅሽው ይላሉ። ይህ አንድ ምክንያት ነው፣ ደግ ምክንያት። ሌላው ምክንያት ግን የሚጥም ነገር መሆኑ ነው፣ ፈሪ ከምትባል ጠቢብ ብትባል ማን ይጠላል? በየዩኒቨርሲቲው እየዞረች ስለ ጨለማ ተናገረች፣ በኋላ በኋላ እሷም አመነችው። አሁን ማንን ትቆጣለች? ሜቭን ትቆጣለች። ሜቭ ቅርብ ናታ።

ሜቭ የፊልም ማኅደሩ ውስጥ አሮጌ ፊልም የምታድስ ልጅ ናት፣ ሠላሳ ቢሆናት ነው። እናቷን የምታክለውን ሴት ቨርና፣ ቨርና እያለች ትጠራታለች፣ አክስቴ አትል፣ ሚስ አትል፣ አብሮ አደጓ ይመስል። ትናንት ጠዋት ቨርና ልትደውልላት አርባ ደቂቃ ስልክ ላይ ቆየች፤ ለእንዲህ አንድን ይጫኑ፣ ለእንዲህ ሁለትን ይጫኑ፣ ኮንትራት ለመሰረዝ የሚጫኑት ቁጥር ግን የለም፣ ሙዚቃ ብቻ ያጫውቱላታል። በመጨረሻ ስትገኝ ልጅቷ በደስታ ፈንድቃ፣ አየሽው ወይ አለቻት። ኔጋቲቩ እንዴት ያለ ሀብት እንደሆነ፣ ዱሮ ላቦራቶሪው እንዴት እንዳበላሸባት፣ ለአንዱ ፊት ብቻ ሦስት ሳምንት እንደሠራች፣ እያንዳንዱን ጥላ እየፈለቀቀች እንዳወጣች ነገረቻት። ቨርና ማን አዘዘሽ ስትላት ልጅቷ ደነገጠች። አንቺው አጽድቀሽዋል አለች፣ ሊንኩን በኅዳር ልከንልሽ «ድንቅ ነው» ብለሽ መልሰሻል። ብላለች። ሳትከፍት ነው ያለችው። የራሴን ፊልም ምን አየዋለሁ፣ ቃል በቃል በልቤ አለ ብላ፣ ዓይኗም ደክሟት፣ ሁለት ቃል ጽፋ ላከች። ሜቭም ቀጠል አድርጋ በየዋህነት፣ ከልቧ፣ የማይረሳ ነገር ተናገረች።

«እነዚያ ሴቶች ሠላሳ ሦስት ዓመት ጥላ ነበሩ እኮ ቨርና። እኛ ብርሃን ሰጠናቸው።»

ብርሃን ሰጠናቸው። ሶፋው ላይ ይህን ስታስብ ደሟ ይፈላል። ማን ለመናችሁ? እናንተ ስትሰጡ ሁልጊዜ ያልተለመናችሁትን ነው፣ ያኔ የለመንናችሁማ መታወቂያ ሳይጠየቁ አንድ በር ማለፍ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፣ ይጥራ፣ ሲጠራ ግን በማን ላይ ነው የሚጠራው? ማታ አራት መቶ ሰው ያያል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ በነፃ፣ ለዓለም ሁሉ፣ እስከ ጋያና፣ እስከ ኩማሪ መንደር። ኩማሪ ዛሬ የሂንዱ ቄስ ሚስት ናት፣ ፓንዲት የሚሏቸው፣ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት ጎንበስ ብሎ እግሯን ነክቶ የሚያልፍ ሴት። ሕግ ባይከሳት ሰው ይከሳታል፣ የመንደር ዳኛ ደግሞ ይግባኝ የለውም። ከአምስቱ ሁለቱ አርፈዋል፣ ሁለቱ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ያለችው ኩማሪ ብቻ ናት። ስልክ ቁጥሯ ዘጠኝ ዓመት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሮቲ የሚባል ቂጣ የሚሸጥ ቤት ያላት የኩማሪ ዘመድ ናት በወረቀት ጽፋ የሰጠቻት። ቨርና አንድም ቀን አልደወለችም። ምን ብላ ትደውላለች? ኩማሪ እናቴ ታማለች፣ ልመለስ ነው ያለች ዕለት ቨርና አርትዖት ጠረጴዛ ላይ ነበረች፣ ለሁለተኛው ፊልሟ፣ ዛሬ ማንም የማያስታውሰው። አውሮፕላኑ በአሥር ሰዓት ነው አለቻት። ልሸኝሽ እመጣለሁ አለች ቨርና። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ፣ ፊልሙን በመቀስ ትቆርጣለች፣ ትለጥፋለች፣ ትቆርጣለች፣ ሰዓቱን እያየች ነው የማትነሳው። አሁን ከሶፋው ትነሳለች። የብስኩቱን ቆርቆሮ ትከፍታለች። ቁጥሩን ሁለቴ ትሳሳታለች።

ያነሳው ባልየው ነው። ረጋ ያለ፣ መባረክ የለመደ ድምፅ ነው።

«ማን ልበል?»

«ቨርና እባላለሁ። ኩማሪ ቶሮንቶ ሳለች አብረን ነበርን።»

«አሃ፣ የጸሎት ማኅበሯ» አለ ሰውየው ደስ ብሎት። «አሁንም ታነሳችኋለች። ቆዩ ልጥራት።»

ቨርና ልትስቅም ልታለቅስም አማራት። ከወዲያ ዕቃ ይንኳኳል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ከዚያ አንድ ሴት ስልኩን ተቀብላ፣ እዚህ አይሰማም፣ ወደ ግቢ ልውጣ አለች። ነጠላ ጫማ ሲጎተት ተሰማ፣ ቀጥሎ በቀርከሃ ላይ የተሰቀሉ የጸሎት ባንዲራዎች በነፋስ ሲማቱ።

«ምን ሆነሽ ነው? ታመሻል?»

«አልታመምኩም።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ያልደወለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሊሞት ነው» አለች ኩማሪ። ድምፁ ወፈር ብሏል፣ ነገሩ ግን ያው የዱሮው ነው።

ቨርና ነገረቻት። ሳትደብቅ ነገረቻት፣ ኔጋቲቩን፣ ሊንኩን፣ ሳትከፍት ድንቅ ነው ያለችውን፣ ማታውን፣ ኢንተርኔቱን። ስትጨርስ ዶሮ ጮኸ። ባንዲራዎቹ ይማታሉ።

«የማን የማን ታየ?»

«የሁላችሁም።»

«ያንቺስ?»

«እኔ ካሜራው ፊት አልነበርኩም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ኩማሪ። «ሲበራ የሚታየው የኛ ነው፣ የሚጨበጨበው ላንቺ።»

በሠላሳ ሦስት ዓመት ስንቱ ደፋሯ ቨርና፣ ፊት አውራሪዋ ቨርና ብሏት፣ አንድ ሰው እንኳ አንቺ የት ነበርሽ ብሎ አልጠየቃትም ነበር። ምን ላድርግ ብላ ጠየቀች።

«ያፈርኩበት እንዳይመስልሽ» አለች ኩማሪ። «ከዚህ ስወጣ የሚነካው እግሬ በዚያ ክፍል የጨፈረው እግር ነው፣ አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም። ግን የኔ ነው፣ ቨርና። ለባሌ ብነግረው እኔ ልንገረው፣ ለልጅ ልጆቼ ብነግራቸው እኔ ልንገራቸው። ስልክ ላይ ተጥደው ነው የሚውሉት። ያልነገርኳቸውን አንቺ ልትነግሪልኝ ነው?»

«አልነግርም።»

«እንግዲያው አጨልሚው።»

ሊዘጋ ሲል ኩማሪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለመሆኑ ቆንጆ ነበርኩ ወይ አለቻት።

«ብርጭቆ ሰብሬያለሁ» አለች ቨርና።

ከቁም ሣጥኑ ሥር ያንን የታነቀውን ኮፒ ታወጣለች፣ ቆርቆሮው ዝጓል፣ የኦዴት የእጅ ጽሕፈት ላዩ ላይ አለ። በብርድ ልብስ ትጠቀልለዋለች። ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል፣ ሰባት ፎቅ እያረፈች በእግሯ ትወርዳለች፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ ታቅፈዋለች፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ምግብ ነው ወይ አላት፣ አዎ አለችው። ደስታዋ ቁጣ ነው ወይስ ቁጣዋ ደስታ ነው፣ ለይታ አታውቅም፣ የጉልበቷ ሕመም ግን አልተሰማትም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ማኅደሩ ቢሮ ስትገባ ሜቭ ነጭ ጓንቷን አጥልቃ ከጠረጴዛዋ ተነሳች። ቨርና አልተቀመጠችም። ያደስሽው አይታይም፣ ዛሬም አይታይም፣ ነገም አይታይም፣ ይህን ታሳያለሽ አለች፣ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጋ። ሜቭ በትዕግሥት አስረዳቻት። ኮንትራት ተፈርሟል፣ ዳይሬክተሯ አጽድቃለች፣ የዳይሬክተር ሐሳብ መለወጥ ፊልም ለማገድ ምክንያት አይሆንም፣ ይህን የሚወስነው ኮሚቴ ነው፣ ኮሚቴው ደግሞ የሚሰበሰበው በሚያዝያ ነው። ቨርና ጮኸች። በየቢሮው ያሉ ራሶች ቀና ቀና አሉ። ሲበቃት፣ ትንፋሿ ሲያጥራት፣ እስቲ ኮንትራቱን አምጪው አለች።

አሥራ አራት ገጽ ነው። ያን ጊዜ የፈረመችው የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አይታ ነበር። አሁን መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው ጀምራ ታነባለች፣ ሜቭ ሻይ ታመጣላታለች፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ ቁጥር ዘጠኝ፦ በፊልሙ ላይ ፊታቸው የሚታይ ሰዎች ሁሉ ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል። አጠገቡ ትንሽ ሣጥን አለ። ሣጥኑ ውስጥ ምልክት አለ። ምልክቱ የቨርና ነው፣ በእሷው ሰማያዊ ስክሪብቶ። ፊት አይታይም ብላ ነው ያኔ ያደረገችው? ወይስ ዝም ብላ፣ ሌሎቹ ሣጥኖች ሁሉ ላይ እንዳደረገችው? ትዝ አይላትም። ይህ ነው የሚያናድደው፣ የሰው ነፍስ ያለበት ሣጥን ላይ ምን እያሰበች ምልክት እንዳደረገች ትዝ አይላትም። ሙሉ ቀን ሜቭን ስትረግም፣ ፕሮፌሰሩን ስትረግም፣ ይህች ምልክት እዚህ ቁጭ ብላ ትጠብቃት ነበር።

«ይህ ውሸት ከሆነስ?» አለች።

ሜቭ ጎንበስ ብላ አነበበችና ቀስ ብላ ቀና አለች። ፈቃድ ከሌለ ኮሚቴም አያስፈልግም፣ የታደሰው ወዲያው ይታገዳል አለች። ግን አንቺ በጽሑፍ ዋሽቻለሁ ማለት አለብሽ፣ በፊርማሽ። መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ ስለ ክብሩም ይነጋገሩበታል፣ ሌሎቹን ፊልሞችሽን ለማደስ የታሰበውም መቅረቱ አይቀርም። ልጅቷ ይህን ስትል ፊቷ ቀልቷል። ሦስት ሳምንት የለፋችበት ሥራ እጇ ላይ እየሞተ ነው፣ እሷ ግን የምታስበው ለአሮጊቷ ነው። ቨርና ይህን አየች፣ ቁጣዋም ልጅቷን ትቶ የት እንደሚያርፍ ጨነቀው። ወረቀት ስጪኝ አለች። ጻፈች፦ ፈቃድ አላገኘሁም። እንዲያውም እንዳይታዩ በእናቴ ምዬላቸው ነበር። ዋሽቻለሁ። ፈረመች።

ከዚያ ቆርቆሮውን ከፈቱ። ፊልሙ በትንሹ ሽቷል፣ ግን ደህና ነው። ሜቭ በማጠንጠኛው ጠረጴዛ ላይ እስከ አሥራ አንደኛው ደቂቃ አዞረችው፣ ኩማሪ ዞር የምትልበት ቦታ ላይ አቆመችው፣ በጓንቷ መብራቱን አቀናች፣ በማጉያው አየች። ያንን ፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥላ በጥላ ስትፈለቅቅ የከረመች ልጅ ናት፣ በዓለም ላይ ከሷ በላይ የሚያውቀው የለም። ቨርና ከኋላዋ ቆማ ጠበቀች።

«እሺ?» አለቻት።

ሜቭ ረጅም ጊዜ አየች። መብራቱን ከፍ አደረገች፣ ደግማ አየች።

«አላወቅኋትም» አለች።

ቨርና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፣ ሜቭም ምን እንዳለች ሳታውቅ ጓንቷን አውልቃ ሻዩን ልታሞቅ ወጣች።

አንድ ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ሞልቷል። ፕሮፌሰር ሃሊዴይ ከነስካርፉ ከፊት ተቀምጧል፣ ሌሎች ነጫጭ ራሶች፣ ፀጉራቸውን የተላጩ ወጣት ሴቶች፣ ከኋላ ደግሞ ከስካርቦሮ የመጡ አራት አምስት የአገሯ ሰዎች፣ ሮቲ ቤት ያላትን ጨምሮ። አስተናጋጁ መብራቱን አደብዝዞ ማይክሮፎን ሰጣት። አብራው አለችው። አይ፣ እዚህ አብራው፣ እኔ ላይ። አበራው። ዓይኗ ደፍርሷል፣ ታይቷል፣ ይታይ። አጭር ተናገረች። ዛሬ የምታዩት የታደሰውን አይደለም አለች። ይህ ጨለማ ነፍስም አይደለም አመፅም አይደለም፣ አምስት ሴቶች ፈርተው ነበር፣ አልታይ አሉ፣ እኔ ማልኩላቸው። ከዚያ እናንተ ጥበብ ነው አላችሁኝ፣ እኔም ጣመኝና ዝም አልኩ። ዘንድሮ ደግሞ መሐላውን በስክሪብቶ አፈረስኩት። በዚያ ክፍል ውስጥ ጨለማ ያላስፈለጋት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ካሜራው ወደኔ አልዞረማ። የምታጨበጭቡ ከሆነ ለእኔ አታጨብጭቡ። ሃሊዴይ ብዕሩን አወጣ፣ አየችው፣ መልሶ አስገባው። ማንም አላጨበጨበም። ይህን ያህል ዝምታ በሕይወቷ አላገኘችም፣ ደስም አላት አናደዳትም።

የጠርዙ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታወጣለች። እዚያ ሁለት ሰዓት ነው፣ እራት ተበልቷል፣ ኩማሪ በመጀመሪያው ጥሪ ታነሳዋለች፣ ግቢ ውስጥ ሳትሆን አትቀርም፣ ባንዲራዎቹ ይሰማሉ። ከኋላ አሮጌው ፕሮጀክተር መንጫጨት ጀመረ። መጋረጃው ያበራል፣ ከፊቱ አምስት ጥላዎች።

«ጀመረ?»

«ጀመረ።»

«ጨለማ ነው?»

«ድቅድቅ።»

ሙዚቃው ገባ፣ ያ የሠርግ ዘፈን፣ የዶላኩ ከበሮ፣ የሴቶቹ ሳቅ። ቨርና ስልኩን ወደ መጋረጃው አቅጣጫ ከፍ አድርጋ ያዘች። ጥላዎቹ ይሽከረከራሉ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ አንዷ ዞር አለች፣ ምንም አልታየም፣ ቨርና ግን አየቻት። ማንኪያው የድስቱን ክዳን ይመታል፣ ቶሎ ቶሎ፣ ከከበሮው ቀደም ቀደም እያለ። ከስልኩ ውስጥ ትንሽ ድምፅ ተሰማ፣ ቨርና ወደ ጆሮዋ መለሰችው።

«ያቺ ማንኪያ ያው ትቸኩላለች» አለች ኩማሪ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። «አንድ ቀን እንኳ ጠብቃኝ አታውቅም።»

«አሁን ልጠብቅ» አለች ቨርና።

«ዝም በይና ልስማበት።»

ስልኩን መልሳ ከፍ አደረገችው። ፊልሙ ገና ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል፣ ክንዷ ገና ከአሁኑ መዛል ጀምሯል፣ አላወረደችውም።